ከባሕር ባክቴሪያ የሚገኙ ቀለሞች፦ ለፀረ-ባክቴሪያ ሥራ የትኛውን እንምረጥ?

የባሕር ባክቴሪያዎችን በፔትሪ ዲሽ ላይ ያሳደገ ሰው ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫና ቡናማ ሆነው ሲወጡ አይቷል። ስለ እነዚህ ቀለሞች የሚታተሙት ጥናቶች ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይደጋግማሉ፦ «ቀለሙ ፀረ-ባክቴሪያ ኃይል አሳይቷል»። የማስተርስ ጥናት ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ፣ ጀርም የሚከላከል ጨርቅ ለማምረት ያሰበ የማቅለሚያ ባለሙያ፣ የዓሣ ጫጩት የሚያፈለፍል ድርጅት፣ የምርምር ገንዘብ የሚመድብ ኃላፊ፣ ሁሉም እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሰው ይቆማሉ። ሁሉም ቀለም ይገድላል ከተባለ በምን ይመረጣል?

ጥያቄው በደንብ ሊመለስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው ወደ 1.27 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ተገምቷል። አዲስ ፀረ-ባክቴሪያ ውህድ የሚፈልግ ሰው ትክክለኛ ሥራ ይዟል። ያለው ጊዜና ገንዘብ ግን ጥቂት ስለሆነ በማይረባ ቀለም ላይ ሁለት ዓመት ማጥፋት አይችልም። ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ለጥናትና ለምርት ምርጫ ነው፤ ከእነዚህ ቀለሞች ውስጥ ለበሽተኛ የሚዋጥ ወይም በቁስል ላይ የሚቀባ ፈቃድ ያለው አንቲባዮቲክ የሆነ አንድም የለም።

በቅድሚያ መመዘኛዎቹ

ከሁሉም የሚቀድመው ጥያቄ «የሚገድለው ቀለሙ ራሱ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ብዙ ጥናት የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

አብዛኛው ሰው ባክቴሪያውን ያሳድግና በኢታኖል ወይም በሜታኖል ቀለሙን ያወጣል፤ ከዚያም ያልተጣራውን ጭማቂ በወረቀት ክብ ላይ ጠብ አድርጎ ይፈትናል። ጠላት ባክቴሪያው በዙሪያው ካላደገ «ቀለሙ ገደለ» ይላል። በጭማቂው ውስጥ ግን ቀለሙ ብቻውን አይደለም። ሐምራዊውን ቫዮላሲን የሚያመርተውን ሲውዶአልቴሮሞናስ ሉቲኦቫዮላሲያ የተባለውን የባሕር ባክቴሪያ እንውሰድ። የዚህ ባክቴሪያ አንዳንድ ዘሮች ከቫዮላሲን ሌላ ፔንታብሮሞሱዲሊንና ኢንዶልማይሲን የተባሉ ጠንካራ አንቲባዮቲኮችን ያመርታሉ። ፔንታብሮሞሱዲሊን በ1966 በፖርቶ ሪኮ ከባሕር ሣር ላይ ከተገኘ ባክቴሪያ ተለይቶ የታወቀ፣ ከክብደቱ ከ70 በመቶ በላይ ብሮሚን የሆነ ውህድ ነው። ሐምራዊው ጭማቂ ሲገድል ገዳዩ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ዓይን ሊፈርድ አይችልም።

ሁለተኛው ምሳሌ ማሪኖሞናስ ሜዲቴራኒያ ነው። ጥቁር ሜላኒን ያመርታል፤ ሌሎች ባክቴሪያዎችንም ይገድላል። ሲጠና ግን ገዳዩ ማሪኖሲን የተባለ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ይህ ፕሮቲን ላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሲያቃጥል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ጎረቤቶቹን የሚጎዳው እሱ ነው። ሜላኒኑ ከጉዳዩ ውጭ ነው። ስለዚህ አንድ ጥናት ቀለሙን አጣርቶ ካልፈተነ፣ ወይም ቀለም የማያመርት የዚያኑ ባክቴሪያ ሚውታንት (ዘረ-መሉ የተለወጠ ዘር) ለማነጻጸሪያ ካላቀረበ፣ ስለ ቀለሙ ምንም አላረጋገጠም ብዬ አነባለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው «ማንን?» የሚለው ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን የመሳሰሉት ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስለሌላቸው ዘይታማ ቀለሞች በቀላሉ ይደርሱባቸዋል። ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ሲውዶሞናስ ያሉባቸው ግራም ኔጌቲቮች ግን የውጭ ሽፋናቸው ብዙውን ቀለም በር ላይ ያስቀረዋል። በሆስፒታል ክፉኛ የሚያስቸግሩት በአብዛኛው እነዚህ ሁለተኛዎቹ ናቸው። ስታፊሎኮከስን ብቻ ፈትኖ «ሰፊ ኃይል አለው» የሚል ጽሑፍ ካጋጠማችሁ እዚያው ላይ ተጠራጠሩ።

አለካኩም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በወረቀት ክብ ዙሪያ የሚታየው ንጹሕ ቀለበት ለዓይን ደስ ይላል፤ ለእነዚህ ቀለሞች ግን መጥፎ ሚዛን ነው። ዘይታማ ውህድ አጋር በተባለው የረጋ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ውስጥ እንደልቡ አይሰራጭም፤ ስለዚህ ኃይለኛ ቀለም ትንሽ ቀለበት፣ ደካማ ግን በውኃ የሚሟሟ ውህድ ትልቅ ቀለበት ሊሰጥ ይችላል። የሚታመነው በፈሳሽ ውስጥ እየቀነሱ በመፈተን የሚገኘው አነስተኛ የማገጃ መጠን ነው፦ ሙለር ሂንተን በተባለው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ 500,000 ሕያው ባክቴሪያ ተጨምሮ፣ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ16 እስከ 20 ሰዓት። ቀለም ስንፈትን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የባክቴሪያውን እድገት በ600 ናኖሜትር ብርሃን የሚያነበው መሣሪያ ቀለሙንም አብሮ ያነባል፤ ቫዮላሲን በ575 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ስለሚውጥ ባክቴሪያ ያደገ ያስመስላል። ሬሳዙሪን የተባለው ሰማያዊ ወደ ሮዝ የሚለወጥ ጠቋሚም በቀይና በሐምራዊ ቀለም መካከል ይጠፋል። መፍትሔው አድካሚ ቢሆንም ቀላል ነው፤ ከመፈተኛው ሳህን እያንዳንዱ ጉድጓድ ወስዶ በአጋር ላይ ዘርቶ መቁጠር።

አራተኛው መመዘኛ ለሰው ሴል ያለው ጉዳት ነው። አንድ ቀለም ባክቴሪያውን በ8 ማይክሮግራም አግዶ ግማሹን የሰው ሴል በ10 ማይክሮግራም የሚገድል ከሆነ፣ ለሰውነት መድኃኒትነት ሊታሰብ አይገባውም። በሁለቱ መጠኖች መካከል ቢያንስ የአሥር እጥፍ ልዩነት መፈለግ የተለመደ ነው። ለጨርቅ ወይም ለዕቃ ሽፋን ሲሆን ይህ መስፈርት ይላላል፤ አይጠፋም ግን፣ ጨርቅ ቆዳ ይነካልና።

ከዚህ ሌላ የአምራቹ ባክቴሪያ ደኅንነት፣ በሊትር የሚገኘው ምርት፣ ቀለሙ በብርሃን፣ በሙቀትና በአሲድነት ለውጥ መጽናቱ ይታያል። እነዚህን በየቀለሙ ስር እያነሳኋቸው እሄዳለሁ።

ቀይ፦ ፕሮዲጂዮሲን

ስለዚህ ቀለም ብዙ ስለተጻፈ ብዙ የምለው አለኝ። ፕሮዲጂዮሲን ሦስት የፓይሮል ቀለበቶች የተያያዙበት ትንሽ ሞለኪውል ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሴራሺያ ማርሴሰንስ ከተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ በባሕር ውስጥ ግን የተሻሉ አምራቾች አሉት። ሃሄላ ቸጁኤንሲስ በደቡብ ኮሪያ ቸጁ አካባቢ ከማራዶ ደሴት የባሕር ደለል ተገኝቶ በ2001 ስም ወጣለት። ዙሺኬላ ጋንግዌንሲስም ከዚያው አገር ከጋንግዋ ደሴት ነው። ሲውዶአልቴሮሞናስ ሩብራና ቪብሪዮ ጋዞጂንስም ይጨመራሉ።

ምንጩን መምረጥ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። ሴራሺያ ለረጅም ጊዜ ጉዳት የሌለው ባክቴሪያ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1950 የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሳን ፍራንሲስኮ አየር ላይ ለሙከራ ረጨው። ከዚያ በኋላ በከተማዋ አንድ ሆስፒታል አሥራ አንድ ሕሙማን በዚህ ባክቴሪያ ተይዘው አንዱ ሞተ። ሁለቱ ነገሮች በቀጥታ መያያዛቸው ቢያከራክርም፣ ሴራሺያ በደካማ ሕሙማን ላይ የሳንባ፣ የደምና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንደሚያመጣ ዛሬ ማንም አይጠራጠርም። ይህን ባክቴሪያ በብዛት ለማሳደግ ተገቢው የላቦራቶሪ ጥንቃቄ የሌለው ተቋም ከባሕር ዘሮቹ አንዱን ይምረጥ።

ወደ ኃይሉ ስንመጣ፣ ፕሮዲጂዮሲን ፕሮቶንና ክሎራይድን በሴል ሽፋን ውስጥ አሻግሮ የውስጡን ሚዛን ያናጋል፤ ሽፋኑንም ይጎዳል። በግራም ፖዘቲቮች ላይ ጥሩ ነው። በግራም ኔጌቲቮች ላይ የሚቀርበው ውጤት ከጥናት ጥናት በጣም ስለሚለያይ በራሳችሁ ባክቴሪያ ሳትፈትኑ አትመኑት። ትልቁ ድካሙ የሰውን ሴልም አለመማሩ ነው። የሰውነትን የመከላከል አቅም እንደሚያዳክምና የካንሰር ሴሎችን እንደሚገድል ስለታወቀ ተመራማሪዎች የወሰዱት ወደዚያ ነው፤ በእሱ አምሳያ የተሠራው ኦባቶክላክስ በካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ገበያ ሳይደርስ ቀርቷል። ስለዚህ ፕሮዲጂዮሲንን የሚዋጥ አንቲባዮቲክ አደርጋለሁ ለሚል አመልካች የምርምር ገንዘብ አልመድብም።

ጨርቅ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራ ጥናት ከባሕር ቪብሪዮ የተገኙ የፕሮዲጂዮሲን ዘመዶችን በሱፍ፣ በሐር፣ በናይለንና በአክሪሊክ ላይ ነክሮ የስታፊሎኮከስንና የኢ. ኮላይን ቁጥር መቀነሱን አሳየ። ጥጥ በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን ልብ በሉ። ቀለሙ በውኃ ስለማይሟሟ ከሰው ሠራሽ ክርና ከሱፍ ጋር ይስማማል፤ ጥጥ ላይ ለማቆየት ተጨማሪ ማጣበቂያ ያስፈልጋል። በጥጥ ላይ ሊሠራ ያሰበ የአገራችን አምራች ከመጀመሩ በፊት ይህን ይወቅ። ፀሐይ ቀለሙን ታደበዝዘዋለች፤ ለመጋረጃ አይሆንም፣ ለካልሲ ውስጠኛ ክር ወይም ለጫማ ገበር ይሻላል።

ምርቱ ከሁሉም ቀለሞች የተሻለ ነው። የተፈጨ የለውዝ ፍሬ ባለበት ፈሳሽ ሴራሺያን ያሳደጉ የሕንድ ተመራማሪዎች በ2004 በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ 39 ሚሊ ግራም የሚደርስ ቀለም እንዳገኙ ጽፈዋል። ይህ ቁጥር የተጣራው ቀለም ተመዝኖ ካልተረጋገጠ በቀር የምርት ዕቅድ አላወጣበትም፤ ነገር ግን ቅባት ያለው ፍሬ ምርቱን ከተራ የላቦራቶሪ ምግብ እጅግ እንደሚያሳድግ በሰሊጥም ታይቷል። ሰሊጥና ለውዝ በሚበቅልበትና ፋጉሎ ከዘይት መጭመቂያ በርካሽ በሚገኝበት አገር ይህ ሊሞከር የሚገባው መንገድ ነው፤ የባሕር ዘሮቹ ግን ጨው ካልተጨመረላቸው አያድጉም። ቀለሙን ለመለየትም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በአሲድ ውስጥ ቀይ ሆኖ በ535 ናኖሜትር አካባቢ፣ በቤዝ ውስጥ ወደ ብርቱካናማ ቢጫ ተለውጦ በ470 አካባቢ ብርሃን ይውጣል። ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ያለው ትምህርት ቤት ይህን ሊያይ ይችላል፤ ንጽሕናውን ለመመስከር ግን አይበቃም።

ሐምራዊ፦ ቫዮላሲን

ቫዮላሲን ትሪፕቶፋን ከተባለው አሚኖ አሲድ ሁለት ሞለኪውሎች በአምስት ኢንዛይሞች የሚሠራ ቀለም ነው። በወንዝና በአፈር ክሮሞባክቴሪየም ቫዮላሲየምና ጃንቲኖባክቴሪየም ሊቪደም፣ በባሕር ደግሞ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ሲውዶአልቴሮሞናስ ሉቲኦቫዮላሲያና ዘመዶቹ ያመርቱታል። በባሕር ውስጥ ባክቴሪያዎቹ የሚጠቀሙበት ሊበሏቸው ከሚመጡ ባለ አንድ ሴል እንስሳት ራሳቸውን ለመጠበቅ መሆኑ በ2008 ታይቷል። እኛ ፀረ-ባክቴሪያ እንለዋለን፤ ለባለቤቱ ግን ከአዳኝ መከላከያም ነው።

በስታፊሎኮከስ ላይ ያለው ኃይል ግልጽ ነው። መድኃኒት የተላመዱትን ጨምሮ በብዙ ጥናት የሚያግድበት መጠን በሚሊ ሊትር ከጥቂት ማይክሮግራም እስከ ጥቂት አሥሮች ነው። የሚሠራበት መንገድም በሚገባ ታውቋል፤ የውስጠኛውን የሴል ሽፋን ይበሳዋል። ኢ. ኮላይና ሲውዶሞናስ ላይ ግን ደካማ ነው፤ የውጭ ሽፋኑን አያልፍም። ይህን በግልጽ ተቀብሎ ለቆዳ ባክቴሪያዎች ብቻ የሚያቅድ ጥናት ከሁሉም አማራጮች ይበልጥ ይማርከኛል። መድረሻውን አውቆ የሚነሳ ነውና።

ችግሮቹ ሦስት ናቸው። ክሮሞባክቴሪየም አልፎ አልፎ ሰውን ሲይዝ በደም ውስጥ ተሰራጭቶ የሚገድል ባክቴሪያ በመሆኑ በጥንቃቄ ይያዛል፤ የባሕር ዘሮቹ በዚህ ይሻላሉ፣ ነገር ግን ሌሎቹን አንቲባዮቲኮች አብረው ስለሚያመርቱ የማጣራቱን ሥራ ያከብዱታል። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያው ቫዮላሲንን ከዲኦክሲቫዮላሲን ጋር ቀላቅሎ ያወጣል፤ ሁለቱን ለመለየት ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. የተባለው መሣሪያ የግድ ነው። ሦስተኛ፣ ምርቱ ትንሽ ሲሆን ለማሳደግ የሚጨመረው ትሪፕቶፋን ዋጋ ያስወጣል። ዘረ-መሎቹን ወደ ኢ. ኮላይ አዛውሮ ማምረት ይቻላል፤ ብዙ ቤተ ሙከራዎችም ያደርጉታል፤ ያኔ ግን የዘረ-መል ምሕንድስና ፈቃድ ጉዳይ ይመጣል። በብርሃን ስለሚጎዳ በጨለማ ይቀመጥ።

ቡናማ፦ ትሮፖዳይታይቲክ አሲድ

ይህ አማራጭ በብዙ የቀለም ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ለእኔ ግን መዘለሉ ስሕተት ነው። ፊኦባክተር የተባሉት የባሕር ባክቴሪያዎች ብረት ባለበት ፈሳሽ ሲያድጉ ቡናማ ይሆናሉ፤ ቡናማው ትሮፖዳይታይቲክ አሲድ ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚታይ ነው። ቢጫ ቀለም ያለው፣ ድኝ የያዘ ትንሽ ሞለኪውል ሲሆን ባክቴሪያዎች ጉልበት የሚያገኙበትን የፕሮቶን ልዩነት ያፈርሳል። ከቫዮላሲን የሚለይበት ዋናው ነገር ግራም ኔጌቲቮችንም፣ በተለይ የዓሣ ጠላት የሆኑትን ቪብሪዮዎች፣ መምታቱ ነው። ባክቴሪያዎችን በላቦራቶሪ እንዲላመዱት ለማድረግ የተደረገው ሙከራም ጽኑ መላመድ ለማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን አሳይቷል።

አጠቃቀሙም የተለየ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውህዱን አጣርቶ ከመጨመር ይልቅ ሕያው ባክቴሪያው ራሱ ወደ ማፈልፈያው ገንዳ ይገባል። የኮድ ዓሣ እጮች በቪብሪዮ አንጊላረም እንዳይሞቱ ፊኦባክተር በምግባቸው፣ ማለትም በአልጋ (በውኃ ውስጥ በሚያድጉ ዕፅዋት መሰል ጥቃቅን ተህዋስያን) እና በሮቲፈር (በጥቃቅን የውኃ እንስሳት) ውስጥ ተጨምሮ ውጤት ሰጥቷል። ከስፔን ጋሊሲያ የዓሣና የቅርፊት እንስሳት ማፈልፈያዎች የተገኙ ዘሮች አሉ፤ ማለትም ባክቴሪያው ለዚህ አካባቢ ባዳ አይደለም። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። አንዳንድ ፊኦባክተሮች አልጋው ሲያረጅ ፊታቸውን አዙረው አልጋውን የሚገድል ውህድ ያመርታሉ፤ ስለዚህ ለእጮቻችሁ በምትመግቡት አልጋ ላይ አስቀድማችሁ ፈትኑ። ደግሞም ባክቴሪያው ጨው ይፈልጋል። በጣና፣ በዝዋይ ወይም በግል ኩሬ በጣፋጭ ውኃ ቀረሶ ለሚያረባ ሰው ይህ ምርጫ አይሠራም፤ በቀይ ባሕርና በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የባሕር እርባታ ላይ ለተሰማሩ ባለሙያዎች ግን ሊታይ ይገባዋል።

ሰማያዊ አረንጓዴ፦ ፓዮሲያኒን

ከባሕር ውኃና ደለል በተገኙ ሲውዶሞናስ ኤሩጂኖሳዎች ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ይህን ቀለም ያሞግሳሉ። እኔ አልመክረውም፤ ምክንያቴን ላስቀምጥ።

ፓዮሲያኒን ኤሌክትሮን እየተቀበለና እየሰጠ ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጥራል፤ በዚህም ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይገድላል። ለማውጣትም ቀላል ነው፤ በክሎሮፎርም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣና በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ ቀይ ይለወጣል። ሆኖም ያው ኬሚስትሪ የሰውን የሳንባ ሴል ይጎዳል፤ ባክቴሪያው በሽታ ለማምጣት ከሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይህ ቀለም ነው። አምራቹም የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ይፈለግላቸዋል ካላቸው ባክቴሪያዎች መካከል ነው። ሐሳቡ አዲስም አይደለም። ጀርመናውያኑ ሩዶልፍ ኤመሪክና ኦስካር ሎው በ1899 ከዚህ ባክቴሪያ «ፓዮሲያኔዝ» የተባለ መድኃኒት አዘጋጅተው በሰው ላይ ውሎ ነበር፤ ውጤቱ የማይጨበጥና መርዛማነት ያለበት ስለሆነ ተተወ። ፓዮሲያኒንን ስለ በሽታው አመጣጥ ለማጥናት የሚመርጥ ሰው ትክክለኛ ምክንያት አለው። በጨርቅ፣ በቅባት ወይም በምግብ ላይ ለማዋል የሚመርጥ ግን የለውም።

ቢጫና ብርቱካናማ ካሮቲኖይዶች፣ ጥቁር ሜላኒን

እነዚህን አንድ ላይ ያስቀመጥኳቸው ፀረ-ባክቴሪያነታቸው ደካማ ስለሆነ ነው። ከባሕር ፓራኮከስ የሚገኘው አስታዛንቲንና ከፍላቮባክቴሪያ ቤተሰብ የሚገኘው ዚያዛንቲን ለምግብ ቀለም፣ ለዓሣ መኖና ለፀረ-ኦክሲዳንትነት ዋጋ አላቸው፤ ባክቴሪያን በሚያስተማምን ዝቅተኛ መጠን ሲገድሉ ግን አይታዩም። እንዲያውም የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ወርቃማ ቀለም ራሱ ካሮቲኖይድ ሲሆን ባክቴሪያውን ከነጭ የደም ሴሎቻችን ጥቃት ይጠብቀዋል።

ሜላኒን በውኃም በአልኮልም አይሟሟም፤ የሚሟሟው በቤዝ ነው። የፀሐይ ጨረርን ለመከላከል ድንቅ ነው። ከብር ጋር ተቀላቅሎ «ፀረ-ባክቴሪያ ናኖ ቅንጣት» ሲባል ግን የሚገድለው ብሩ መሆኑን አትርሱ፤ ብር ብቻውን የተፈተነበት ማነጻጸሪያ የሌለውን ጥናት እለፉት።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ቀለም | የሚጠነክረው በማን ላይ | ለሰው ሴል | አምራቹ | ምርትና ማጣራት | የሚሻልበት ሥራ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፕሮዲጂዮሲን (ቀይ) | ግራም ፖዘቲቭ፤ በኔጌቲቭ ተለዋዋጭ | መርዛማነቱ ከፍ ያለ | የባሕር ዘሮቹ ይመረጣሉ፤ ሴራሺያ ጥንቃቄ ይሻል | ብዙ ምርት፣ ለመለየት ቀላል | ሱፍ፣ ሐር፣ ሰው ሠራሽ ክር፤ የማስተማሪያ ጥናት |
| ቫዮላሲን (ሐምራዊ) | ስታፊሎኮከስና መሰሎቹ | መጠኑ ይወስነዋል፤ መለካት ግዴታ | የባሕር ዘሮቹ ይመረጣሉ፤ ክሮሞባክቴሪየም አደገኛ | ትንሽ ምርት፣ ማጣራቱ ከባድ | ለቆዳ የታሰበ ምርምር |
| ትሮፖዳይታይቲክ አሲድ (ቡናማ) | ቪብሪዮን ጨምሮ ሁለቱም ወገን | ለሰው የሚሆን ዕቅድ አይደለም | ፊኦባክተር፣ ለሰው ደኅና | ሕያው ባክቴሪያው ይገባል | የባሕር ዓሣ ማፈልፈያ |
| ፓዮሲያኒን (ሰማያዊ አረንጓዴ) | ሰፊ | ጎጂ | በሽታ አምጪ | ለማውጣት ቀላል | የበሽታ አመጣጥ ጥናት ብቻ |
| ካሮቲኖይዶች (ቢጫ፣ ብርቱካናማ) | ደካማ | ደኅና | ደኅና | በኢንዱስትሪ ደረጃ ይመረታሉ | መኖ፣ የምግብ ቀለም |
| ሜላኒን (ጥቁር) | ደካማ | ደኅና | እንደ ዘሩ | ለማሟሟት አስቸጋሪ | የጨረር መከላከያ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

አነስተኛ በጀት ያለው የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ከሆናችሁ ፕሮዲጂዮሲንን ከባሕር ዘር ያዙ። ባክቴሪያውን እንደ ጀርመኑ ዲ.ኤስ.ኤም.ዜድ. ወይም እንደ አሜሪካው ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. ካሉ የክምችት ተቋማት ማስመጣት ይቻላል፤ ማንነቱ የታወቀ ስለሆነ ከገበያ ዓሣ ላይ ያልታወቀ ባክቴሪያ ከመልቀም ይሻላል። የተዘጋጀው የባሕር አጋር ከተወደደባችሁ በሊትር 5 ግራም ፔፕቶንና 1 ግራም የእርሾ ጭማቂ በባሕር ጨው ውኃ ውስጥ ቀላቅሎ መሥራት ይቻላል። ገንዘቡን ለሁለት ነገር አስቀምጡ፦ ቀለሙን ለማጣራትና ለማነጻጸሪያ ባክቴሪያዎች። ስታፊሎኮከስ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 29213፣ ኢ. ኮላይ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 25922 እና ሲውዶሞናስ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 27853 ከሌሉበት ውጤታችሁን ማንም ከሌላ ጥናት ጋር ሊያስተያይ አይችልም።

ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. እና የሴል ማሳደጊያ ክፍል ያለው፣ ወይም ይህን ከሚያግዘው ተቋም ጋር የተስማማ ቡድን ወደ ቫዮላሲን ይሂድ። ግቡን በስታፊሎኮከስ ላይ ያጥብብ፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮም የሰው ሴል ፈተናውን ጎን ለጎን ያስኪድ። መርዛማነቱን ለመጨረሻ ያስቀመጠ ቡድን መጥፎውን ዜና የሚሰማው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

የጨርቅ አምራች ለላቦራቶሪ ቀለበት ፎቶ አይክፈል። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ይሁን፦ አይ.ኤስ.ኦ. 20743 በተባለው ዓለም አቀፍ የጨርቅ መፈተኛ ደረጃ መሠረት በጨርቁ ላይ የተለካ የባክቴሪያ ቅነሳ፣ ጨርቁ ተደጋግሞ ከታጠበ በኋላ የተደገመው ያው ልኬት፣ እና የብርሃን ጽናት ውጤት። ከመታጠቡ በፊት ያለው ቁጥር ብቻ ከቀረበለት ግዢውን ያቆይ።

ለአዲስ መድኃኒት ገንዘብ የሚመድብ ኃላፊ ቀለም ለሚሰበስብ ጥናት ሳይሆን ቀለሙን አጣርቶ፣ ገዳዩን ለይቶ፣ የሰው ሴል ፈተና ላመጣ ጥናት ያድላ። ከዚህ በፊት ያለው ደረጃ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ነው።

ኢትዮጵያ ባሕር ባይኖራትም የአሳሌ ጨዋማ ውኃና እንደ ሻላ ያሉት የሶዳ ሐይቆች ቀለም የሚያመርቱ ጨው ወዳድ ተህዋስያን አሏቸው። እነሱን የባሕር ባክቴሪያ ብሎ መጻፍ አይገባም፤ ብዙዎቹ ቀያዮች እንዲያውም አርኪያ የተባለ ሌላ ወገን ናቸው፤ በእነዚሁ መመዘኛዎች ግን መፈተን ይችላሉ። ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሚጠይቀውን ፈቃድ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አውጡ፤ ናሙናው ወይም ዘሩ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ይህን ቀድሞ መጨረስ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ለመጀመር የወሰነ ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል እንዲህ ያድርግ። ያልተጣራውን ጭማቂ በፈሳሽ ፈትኑ፤ አሟሚው ብቻውን ያለበትን ማነጻጸሪያ አትዝለሉ፤ አሟሚው ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. የተባለው ከሆነ ከ1 በመቶ አይብለጥ። የሚገድል ከሆነ ቀለሙን ለብቻ፣ የቀረውን ለብቻ ለዩና ሁለቱን እንደገና ፈትኑ። ቀለም ያልሆነው ክፍል ከቀለሙ በልጦ ከገደለ፣ ቀለሙን ተዉትና ያንን ተከተሉ።